ትምህርት ቤታቸው ህንድ ራሷ ነበረች፦ ስለ እንግሊዝ መሐንዲሶች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ለህንድ አገልግሎት ስለሠለጠኑ የእንግሊዝ መሐንዲሶች የሚተርክ የአማርኛ ጽሑፍ ልኮልኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ደክመውበታል። ስለ ቦይና ስለ ግድብ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ማግኘት ብርቅ ስለሆነ ምስጋናዬን አስቀድማለሁ። ዝም ብዬ እንዳላልፈው ያደረገኝ መደምደሚያው ነው። እኛን ይመለከታል፤ የቆመበት መሠረትም ልክ አይደለም።

ላላነበባችሁት፣ የጽሑፉ አካሄድ ባጭሩ ይህ ነው። ለንደን አቅራቢያ ኩፐርስ ሂል በሚባል ኮሌጅ በችሎታቸው ብቻ የተመረጡ ወጣቶች ሠለጠኑ፤ የምህንድስና እውቀት ወደሌለበት አገር ሄዱ፤ ቦዩንና የባቡር ሐዲዱን በእንግሊዝ ገንዘብ ሠሩ፤ ጦርነት ውስጥ ሳይገቡ ሙሉ ዕድሜያቸውን ህንድ ውስጥ አገልግለው በጡረታ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ ኢትዮጵያም እንዲህ ያሉ ሰዎች ደርሰውላት ቢሆን ኖሮ ወንዞቿ ከመቶ ዓመት በፊት በተገደቡ ነበር።

እኔ የመስኖ መሐንዲስ ነኝ። አርባ ምንጭ ተምሬ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ህንድ ሄጄ ሩርኪ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ጸሐፊው ያነሷቸው ሰዎች ለእኔ ሩቅ አይደሉም፤ ሠርተው በተዉት ቦይ ዳር ተመላልሻለሁ፣ ቀመራቸውንም ለፈተና ሸምድጃለሁ። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስ። ለይቼ ካልጠቀስኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከትምህርት ቤቱ ልነሳ። ጸሐፊው ኩፐርስ ሂልን የነገሩ ሁሉ መጀመሪያ አድርገውታል። ኮሌጁ ሥራ የጀመረው በ1871 ነው፤ ኤገም አጠገብ፣ የቴምዝን ወንዝ ቁልቁል ከሚያይ ኮረብታ ላይ። ከዚያ በፊት ግን የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ ከ1809 እስከ 1861 አዲስኮም ላይ የራሱ የጦር ትምህርት ቤት ነበረው። እዚያ በፈተና ከፊት የተሰለፉት ልጆች ለምህንድስና ይመረጣሉ፤ ቻተም ወደሚገኘው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ወርደው ምሽግና ድልድይ ይማራሉ፤ ከዚያ ወደ ቤንጋል፣ ወደ ማድራስ ወይም ወደ ቦምቤይ ይሳፈራሉ። ጸሐፊው በአድናቆት ስማቸውን የጠሯቸው፣ በደቡብ ህንድ ወንዞች ላይ የሠራው አርተር ኮተንና የጋንጀስን ቦይ ያስቆፈረው ፕሮቢ ኮትሊ፣ ሁለቱም የአዲስኮም ልጆች ናቸው። ኮትሊማ የሞተው ኩፐርስ ሂል በተከፈተበት በዚያው በ1871 መጀመሪያ ላይ ነው። የኮሌጁ ፍሬ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ የሚከፋው ሩርኪን መዝለላቸው ነው። የሩርኪ የምህንድስና ኮሌጅ የተቋቋመው በ1847፣ ማለትም ከኩፐርስ ሂል 24 ዓመት ቀድሞ ነው። ያቋቋመው የሰሜን ምዕራብ አውራጃዎች ገዢ የነበረው ጄምስ ቶማሰን ነበር፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። የጋንጀስ ቦይ እየተቆፈረ ነበር፤ ቀያሽ፣ ፎርማንና ረዳት መሐንዲስ አልተገኘም። ከእንግሊዝ ማስመጣት ውድ ነው፤ የመጣውም በንዳድ ያልቃል። ስለዚህ እዚያው ሥራው አጠገብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። እንግሊዞች በገዛ አገራቸው ለህንድ ሲቪል መሐንዲስ የሚያሠለጥን ኮሌጅ ከመክፈታቸው በፊት፣ ህንድ ውስጥ በህንድ ወንዝ ዳር የሚያሠለጥን ኮሌጅ ነበራቸው።

«በችሎታ ብቻ የተመረጡ» የሚለውም መታረም አለበት። ፈተና ነበር፣ አልክድም። ፈተናውን ያለፈ ግን በዓመት 150 ፓውንድ ለሦስት ዓመት መክፈል ነበረበት። ይህ የሠራተኛ ልጅ የሚችለው ገንዘብ አይደለም። የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎችና ኮሌጆች ራሳቸው ተቃውመዋል፤ መሐንዲስ እኛም እናስመርቃለን፣ የህንድን ቦታ ለአንድ ኮሌጅ ብቻ ለምን ትሰጣላችሁ ብለው ነበር የጮኹት። ኮሌጁ በ1906 የተዘጋውም ሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ያንኑ ሰው ማቅረብ እንደሚችሉ ስለታመነ ነው።

ስለ ሹመት መሰላሉም ጽሑፉ ግማሹን ብቻ ነው የሚነግረን። ከእንግሊዝ የመጣው ወጣት በረዳት መሐንዲስነት ይጀምራል፤ የአገሩን ቋንቋ ተፈትኖ ያልፋል፤ ከዚያ የአንድ የሥራ ክልል ኃላፊ መሐንዲስ፣ ቀጥሎ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ፣ ዕድልና ጤና ከሰጠው ዋና መሐንዲስ ይሆናል። ህንዳዊው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በፎርማንነት ነበር። ከ1886 እና 1887 የመንግሥት አገልግሎት ኮሚሽን በኋላ ደግሞ ነገሩ በሕግ ተለየ፤ ከእንግሊዝ የሚቀጠረው አንድ ዘርፍ፣ ከህንድ የሚቀጠረው ሌላ ዘርፍ ሆነ፤ የሁለተኛው ደመወዝ ዝቅ ያለ ነው። ሥራው ግን አንድ ነበር፤ ያው ቦይ፣ ያው ደለል፣ ያው ጎርፍ።

በዚህ ጠባብ በር ገብተው የወጡ ህንዳውያን አሉ። ጋንጋ ራም ሩርኪን በ1873 ጨርሶ ላሆር ከተማን በሕንፃ ሞላት። ቪስቬስቫራያ ፑኔ ተምሮ በ1884 ቦምቤይ መንግሥት ተቀጠረ፤ ውሃው ከፍ ሲል በራሳቸው የሚከፈቱ የግድብ በሮች ሠራ፤ ካድክዋስላ ግድብ ላይ የተገጠሙት በ1903 ነው። በኋላ ከመንግሥት ሥራ ወጥቶ የማይሶር ዋና መሐንዲስ ሆነ፤ በ1912 ደግሞ የማይሶር ጠቅላይ ሚኒስትር። በረጅሙ ጽሑፍ ውስጥ የእነዚህ ሰዎች ስም አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሳቱ አሳዝኖኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «የምህንድስና እውቀት ወደሌለበት አገር ሄዱ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ።

ደቡብ ህንድ ውስጥ ካቬሪ የሚባል ወንዝ አለ። በላዩ ላይ ካላናይ የሚሉት የድንጋይ ጠለፋ፣ ማለትም የወንዙን ውሃ ወደ ቦይ የሚመልስ ዝቅ ያለ ግድብ፣ ተዘርግቷል። ከ1,500 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው፤ ትውፊቱ ሥራውን ለቾላው ንጉሥ ለካሪካላን ይሰጠዋል። ያልተጠረበ ድንጋይ በጭቃ ተያይዞ፣ ወንዙን እንደ እባብ ተጠማዝዞ ያቋርጣል። ከሥሩ አለት የለም። አሸዋ ነው፤ ጥልቀቱ የማይታወቅ አሸዋ። የአውሮፓ መሐንዲስ ለመሠረት አለት ፈልጎ እስኪያገኝ መቆፈር ነበር የተማረው። ኮተን እዚህ ቦታ መጣ፣ አየ፣ አጠና። ልቅ አሸዋ ላይ መሠረት እንዴት እንደሚጸና የተማርነው ከእነዚያ ሰዎች ነው ብሎ ራሱ ጽፏል። በ1836 የካቬሪ ቅርንጫፍ በሆነው በኮሌሩን ላይ የሠራው ጠለፋ፣ ከ1847 እስከ 1852 ጎዳቫሪ ላይ የሠራው ታላቁ ጠለፋ፣ ሁለቱም የዚያ ትምህርት ልጆች ናቸው። ኮተን ትልቅ ሰው ነበር፤ ታላቅነቱ ደግሞ ከማን እንደተማረ ለመናገር አለማፈሩ ነው። ጸሐፊው ኮተንን ሲያወድሱ እሱ ራሱ የተናገረውን ይህን ቃል ከአፉ ነጥቀውታል።

ሩርኪ ላይ ያየሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። የጋንጀስ ቦይ ከተማውን መሐል ለመሐል ሰንጥቆ ያልፋል። ጠዋት ጠዋት ዳሩን ይዤ እሄድ ነበር። ውሃው ከሂማላያ ስለሚወርድ በበጋም ቀዝቃዛ ነው፤ አመድማ ሆኖ ድምፁን አጥፍቶ ይገሰግሳል። ከከተማው ወጣ ስትሉ ቦዩ ሶላኒ ወንዝን ይሻገራል፤ ወንዙ ከታች በቅስቶቹ መካከል፣ ቦዩ ከላይ በጡብ ድልድይ ላይ። በሁለቱም ጫፍ የግንብ አንበሶች ተቀምጠዋል። ቦዩ ውሃ የተለቀቀበት ሚያዝያ 1854 ነው። ይኸው እስከ ዛሬ ገበሬ ያጠጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሌላ ሥራ ነበረኝ፣ እሱን ትቼ እስኪመሽ እዚያ ቆየሁ።

እንግዲህ ይህ ድልድይ በምን ቆመ? ሶላኒም አሸዋ ነው። መሠረቱ የወረደው የህንድ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ከጥንት ጀምሮ በሚያውቁት መንገድ ነው። ጡቡን መሬት ላይ እንደ ጉድጓድ ግድግዳ ክብ አድርገው ይገነቡታል፤ ከዚያ ሰው ውስጡ ገብቶ ከሥሩ አሸዋውን እየዛቀ ያወጣል፤ ግንቡ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይሰምጣል፤ ከላይ ጡብ ይጨምራሉ፣ እንደገና ይዛቃል፣ እንደገና ይሰምጣል። ኮትሊ ይህን ዘዴ ወስዶ አሰፋው። በኋላ የህንድን ታላላቅ ወንዞች የተሻገሩት የባቡር ድልድዮች የቆሙት በዚሁ ዘዴ በወረዱ መሠረቶች ላይ ነው። የጡቡ ማያያዣም ቢሆን ሱርኪ የሚሉት ነው፤ ተፈጭቶ ከኖራ ጋር የተደባለቀ ጡብ፣ ውሃ ውስጥ ሲቆይ የሚጠነክር። ሲሚንቶ በመርከብ አልመጣም፤ የአገሩ ግንበኛ የሚያውቀው ነገር ነው።

ኮትሊ ራሱ በአዲስኮም የሠለጠነው ለመድፈኛነት ነበር። የቦይ ሥራን የተማረው ህንድ ገብቶ፣ ከእንግሊዝ በፊት የተቆፈረውን የዶአብ ቦይ ሲያስጠርግና ሲያድስ ነው። ያ ቦይ የሙጋል ዘመን ሥራ ነበር። አሮጌ ቦይ መጠገን ለመስኖ ሰው ትልቁ ትምህርት ቤት ነው፤ የትኛው ኩርባ እንደሚደለል፣ የትኛው ዳር እንደሚናድ ተጽፎ ታገኘዋለህ።

ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ሌሎቻችሁ ብትዘሉት አልቀየምም። አርባ ምንጭ የተማርን ሁሉ የኬኔዲን ቀመር እናውቀዋለን። የውሃው ፍጥነት 0.55 ሲባዛ የጥልቀቱ 0.64 ርቢ ነው። ይህ ቁጥር ከእንግሊዝ አገር ላቦራቶሪ አልወጣም። ሮበርት ኬኔዲ ፑንጃብ ውስጥ በላይኛው ባሪ ዶአብ ቦይ ላይ፣ ለዓመታት ሳይደለሉና ሳይሸረሸሩ የቆዩ ቦታዎችን መርጦ ጥልቀትና ፍጥነት ለካ፤ በ1895 አወጣው። ያስተማረው ቦዩ ነው። እንግሊዝ አገር ውስጥ እንዲህ ደለል የሚሸከም፣ በመቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር የመስኖ ቦይ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህን ሳይንስ እዚያ ተምሮ መምጣት የሚቻልበት መንገድ አልነበረም።

በዚያም ላይ፣ ሳይማሩ ያለፏቸው ነገሮች ነበሩ። ገበሬው በጥቂት በጥቂቱ ያጠጣው የነበረውን ሜዳ ቦዩ ዓመቱን ሙሉ ሲያረጥበው የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ መጣ፤ ጨው ይዞ ወጣ። የሰሜን ህንድ ገበሬ ረህ ይለዋል፤ መሬቱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነገሩ ስለከፋ በ1870ዎቹ የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቋመ። የቦዮቹ አካባቢ ሕዝብ ጣፊያው በንዳድ ማበጡን ሐኪሞች የለኩት ከዚያም በፊት በ1840ዎቹ ነው። የእኛ መስኖ ሠራተኞች አዋሽ ላይ ያዩትን የጨው መሬት ያየ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ብሎ አያልፍም።

የባቡሩን ነጥብ ባጭሩ አልፈዋለሁ፤ ሁለት ስሕተት አለበት። አንደኛው፣ የመጀመሪያዎቹን ሐዲዶች የዘረጉት ጸሐፊው የሚተርኩላቸው የመንግሥት መሐንዲሶች አልነበሩም። ከቦምቤይ እስከ ታኔ ያለው 34 ኪሎ ሜትር በሚያዝያ 1853 ሲከፈት የሠሩት የባቡር ኩባንያው የራሱ መሐንዲሶች ናቸው። መንግሥት በራሱ መሐንዲሶች ሐዲድ መዘርጋት በሰፊው የያዘው በ1870ዎቹ ነው። ሁለተኛው የገንዘቡ ነገር ነው። አክሲዮኑ የተሸጠው ለንደን ነው፣ እውነት ነው። ግን ለባለ አክሲዮኑ በዓመት 5 በመቶ ትርፍ ዋስትና ተሰጥቶታል፤ ባቡሩ ያን ያህል ካላተረፈ ልዩነቱን የሚከፍለው የህንድ ግብር ከፋይ ነው። ወጪው ቢንርም የሚከስር ባለሀብት የለም። ለአንድ ማይል 8,000 ፓውንድ ይበቃል ተብሎ የታሰበው ወደ 18,000 ያሻቀበው በዚህ ምክንያት ነው። የህንድ የገንዘብ ሹም የነበረው ማሲ በ1872 ለፓርላማ ኮሚቴ ሲመሰክር፣ ባለሀብቱ 5 በመቶው እስከተረጋገጠለት ድረስ ገንዘቡ ሁግሊ ወንዝ ውስጥ ቢጣልም ጡብ ቢሆንም ደንታ አልነበረውም ብሏል። «የእንግሊዝ ስጦታ» የሚለው ቃል ከዚህ አጠገብ መቆም አይችልም።

ኮተን ራሱ ይህን ሲቃወም ነው ያረጀው። ገንዘቡ ከሐዲድ ይልቅ ለቦይ ይዋል፣ ቦዩ ያጠጣል፣ እህልም በጀልባ ያጓጉዛል እያለ ተከራከረ። ከ1876 እስከ 1878 በነበረው ረሃብ ቢያንስ 5 ሚሊዮን ሰው ሲያልቅ፣ እህል በባቡር ወደ ወደብ ይወርድ ነበር።

«ጦርነት ውስጥ ያልገቡ የሰላም ሰዎች» ወደሚለው ልለፍ። እዚህ ላይ ጸሐፊው እንዴት እንደተሳሳቱ አልገባኝም፤ ኢትዮጵያዊ ናቸውና።

በ1857 ህንዳውያን ወታደሮች ሲያምፁና እንግሊዞች ዴልሂን ሲከብቡ፣ የከበባው ዋና መሐንዲስ ሪቻርድ ቤርድ ስሚዝ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረበት ሥራ የጋንጀስ ቦይ ነው። ከሱ ሥር የመድፍ ምሽጎቹን ያስገነባው አሌክሳንደር ቴይለር የመንገድ መሐንዲስ ነበር። ጆርጅ ቼስኒ የሚባል ሌላ መሐንዲስ እዚያው ክፉኛ ቆሰለ። አሁን ልብ በሉ፤ ኩፐርስ ሂልን የፀነሰውና የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ይኸው ቼስኒ ነው። ከ1880 እስከ 1896 የመራው ደግሞ ይኸው ቴይለር። ለሲቪል ሥራ በተከፈተው ኮሌጅ እነዚያን ወጣቶች የተቀበሏቸው የዴልሂን ግንብ ያፈረሱ ሰዎች ናቸው።

ሮበርት ናፒየር ደግሞ አለ። እኛ የምናውቀው በመቅደላ ነው። የሕይወት ታሪኩን ስትዘረጉት ግን ጸሐፊው እንደሚተርኩት ያለ የመሐንዲስ ሥራ ታገኛላችሁ። በ1810 ኮሎምቦ ተወለደ፤ አዲስኮም ገባ፤ በ1826 የቤንጋል መሐንዲሶች ጓድ መኮንን ሆነ። ምሥራቃዊው የጃሙና ቦይ ላይ ሠራ፤ ዳርጂሊንግ ከተማን ቀየሰ፤ ፑንጃብ ሲያዝ ዋና መሐንዲስ ሆኖ መንገዷንና ቦዮቿን መራ። ያ መንገድና ቦይ ሠሪ ነው በ1868 ዙላ ላይ የወረደው።

ዘመቻውን ከፊት ስታዩት የጦር ሠራዊት ነው፤ ከጎን ስታዩት ግን የህንድ የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ ወደ ቀይ ባሕር የተሻገረ ይመስላል። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለችው ዙላ ውሃ አልነበረም፤ የባሕሩን ውሃ በመርከብ ላይ አፍልተው፣ እንፋሎቱን እየሰበሰቡ ጠጡ። መርከብ ማራገፊያ ሠሩ። ከህንድ በመጣ ሐዲድና ባቡር እስከ ተራራው ሥር እስከ ኩማይሌ ድረስ መሥመር ዘረጉ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ነቀሉት። ከ13,000 ወታደር ጋር 26,000 የሚያህል ጓዝ ጎታች፣ ከ40,000 በላይ የጭነት እንስሳ፣ ከህንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ነበሩ። መንገዱን በዶማ የጠረጉት የማድራስና የቦምቤይ ኢንጂነር ወታደሮችና የፑንጃብ መንገድ ጠራጊዎች ናቸው። በደረቅ ወንዝ ውስጥ ውሃ ለማግኘት መሬት ውስጥ የሚመታ የብረት ቧንቧ ይዘው ነበር፤ እንግሊዝ አገር ይህ የቧንቧ ጉድጓድ ዛሬም «የአቢሲኒያ ጉድጓድ» ይባላል። አገራችን በመሐንዲሶች ቋንቋ ውስጥ የገባችው በዚህ መንገድ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ኮኪት በር ላይ ሲደርሱ መሐንዲሶቹ በሩን የሚያፈርሱበትን ባሩድና መሰላሉን ሳይዙ መጥተው ተገኙ፤ ወታደሮቹ ተንጠላጥለው ነው የገቡት። ከዚያ በኋላ የሆነውን፣ የአፄ ቴዎድሮስን ሞትና የዘረፋውን ነገር፣ እኔ ልደግመው አያስፈልግም። ናፒየር «የመቅደላው ባሮን» ተብሎ፣ ሁለት ዓመት ቆይቶ የህንድ ጦር አዛዥ ሆነ። ወደ 9 ሚሊዮን ፓውንድ ከፈጀው ዘመቻ ውስጥ የህንድ ወታደሮችን መደበኛ ደመወዝ የከፈለችው ህንድ ናት። የቢሃር ገበሬ ለመቅደላ ከፈለ።

በመጨረሻ፣ «ሙሉ ዕድሜያቸውን ህንድ ውስጥ ፈጸሙ» የሚለውንና «እኛ ጋ ቢደርሱ ኖሮ» የሚለውን አንድ ላይ ልመልስ፤ አንዱ የሌላው መልስ ነውና።

ህንድ ውስጥ አልቀሩም። እንግሊዝ ግብፅን በ1882 ከያዘች በኋላ በዓመቱ ኮሊን ስኮት ሞንክሪፍ ካይሮ ገባ። አዲስኮም የተማረ፣ ጋንጀስ ቦይ ላይ የሠራ ሰው ነው። ከህንድ የሚያውቃቸውን የመስኖ መሐንዲሶች እየጠራ ሰበሰበ። ካይሮ በታች ዓባይ ላይ ፈረንሳዮች የጀመሩት ጠለፋ መሠረቱ ተሰነጣጥቆ የማይጠቅም ተብሎ ተትቶ ነበር። መሠረቱ ምን ላይ ነው የቆመው? አሸዋና ደለል ላይ። ህንድ ውስጥ አሸዋ ላይ መሥራት ተምረው የመጡ ሰዎች ናቸው፤ ፈተኑት፣ ከ1887 እስከ 1890 ጠገኑት፣ ሠራ። ካላናይ ላይ የተጀመረው ትምህርት በጎዳቫሪና በጋንጀስ አልፎ ዓባይ አፍ ላይ ደረሰ።

ከመጡት አንዱ ዊሊያም ዊልኮክስ ነው። በ1852 ህንድ ውስጥ የተወለደ፣ ሩርኪ የተመረቀ፤ እንግሊዝ አገር ኮሌጅ ደጅ ያልረገጠ። የአስዋንን ግድብ የነደፈው እሱ ነው፤ ከዚያ ሜሶፖታሚያ ሄዶ የኤፍራጥስን ጠለፋ ነደፈ። በሽምግልናው ካልካታ ተመልሶ ባስተማረው ትምህርት፣ እንግሊዞች የሞቱ ወንዞች ያሏቸው የቤንጋል ውሃ መውረጃዎች የጥንት ነገሥታት ያስቆፈሯቸው የመስኖ ቦዮች መሆናቸውን ተከራከረ፤ ጎርፍ የሚያመጣውን ለም ደለል ወደ ማሳ የሚያስገቡ፣ የመንገዱና የባቡሩ ክምር አፈር የዘጋቸው ቦዮች። ዕድሜውን ሙሉ የእንግሊዝን ቦይ የሠራ ሰው መጨረሻ ላይ የተናገረው ይህ ነው።

ሌላው ዊሊያም ጋርስቲን ነው። ከ1872 ጀምሮ በህንድ የሕዝብ ሥራዎች መምሪያ፣ ከ1885 ጀምሮ በግብፅ። ይህ ስም የዓባይን ጉዳይ ለሚከታተል ኢትዮጵያዊ እንግዳ ሊሆን አይገባም። በ1904 የላይኛውን የዓባይ ተፋሰስ ሁሉ ያጠና ትልቅ ሪፖርት አወጣ። በዚያ ሪፖርት ውስጥ የባልደረባው የዱፑይ ጥናት አለ፤ ዱፑይ በ1902 መጨረሻና በ1903 መጀመሪያ ከሱዳን ተነስቶ ጣና ድረስ መጥቶ ሐይቁንና መውጫውን አጥንቷል።

ዘመኑን አስተያዩት። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ አዲስ አበባ ላይ ከእንግሊዝ መልእክተኛ ከሐሪንግተን ጋር ውል ፈረሙ፤ ሦስተኛው አንቀጽ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ በጥቁር ዓባይ፣ በጣና ወይም በሶባት ላይ ወንዙን የሚያቆም ሥራ እንዳይሠሩ ይላል። አማርኛው ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ስለመድፈን የሚያወራ መሆኑ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በዚያው ዓመት፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1902፣ በታኅሣሥ የአስዋን ግድብ ተመረቀ። በዚያው በጋ ዱፑይ ጣና ዳር ቆሞ ውሃ ይለካ ነበር። ሦስቱንም የሚያያይዛቸው አንድ ጉዳይ፣ የዓባይ ውሃ ነው፤ የግብፅን መስኖ የመሩት ደግሞ ሙያውን ህንድ ላይ የተማሩ ሰዎች።

ስለዚህ ለጸሐፊው የምለው ይህ ነው፤ መጥተዋል። ከመቶ ዓመት በፊት ደርሰውልናል። የመጡት በመጀመሪያ ለመቅደላ መንገድ ለመጥረግ፣ ቀጥሎ ጣናን ለመለካት ነው። ጥሩ ለኪዎች ነበሩ፤ ያንን በሙያዬ እመሰክራለሁ። የለኩት ግን ጎጃምና ደምቢያ እንዲያጠጣ አልነበረም። ጥያቄያቸው ጣና ቢገደብ ለግብፅ ጥጥና ለሱዳን ሜዳ በደረቁ ወራት ስንት ውሃ ይደርሳል የሚል ነበር። ሜዳው ውሃውን ያገኘው በ1925 ሰናር ሲገደብ ነው፤ ገዚራ ጥጥ ሆነ። ጎዳቫሪ ላይ ገበሬው ራሱ ጠጥቷል፤ የኮተንን ሐውልት አበባ የሚያለብሰው ለዚህ ነው፤ እኔም አልነፍገውም። እኛ ጋ የመጡት በሌላ ጉዳይ ነው የመጡት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከባልደረቦቼ ጋር ባሕር ዳር አጠገብ ጨረጨራ ሄድኩ። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ነው። በሮቹ አጠገብ ውሃው ውስጥ የከፍታ መለኪያ ዘንግ ቆሟል፤ ጥቁርና ነጭ ቀለሙ በማዕበሉ ታጥቧል። አንድ ወጣት ሠራተኛ ጫማውን አውልቆ ገብቶ ቁጥሩን አነበበና በደብተሩ ጻፈ፤ በየቀኑ ያደርገዋል። ዱፑይ መቆጣጠሪያ በር ይሠራበታል ብሎ ባጠናው በዚህ መውጫ ላይ በር የተገጠመው በ1988 ዓ.ም. ነው።